ኑአር ሆንግ ምንድን ነው? ሴት ልጅ ስትወለድ ተቀብሮ ስትዳር የሚወጣው መጠጥ

ሻኦሺንግ በምትባል የቻይና ከተማ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር ይላሉ። ሚስቱ ማርገዟን ሲሰማ የሚሆነውን አጣ። ወንድ ልጅ ነው ብሎ ደመደመ፤ ማን እንደነገረው እንጃ። ሳይውል ሳያድር ሩዝ ዘፍዝፎ ጥቂት ጋን መጠጥ ጠመቀ። ልጁ ሲወለድ ወዳጅ ዘመድ ጠርቶ ሊደግስበት ነው።

የተወለደችው ሴት ናት።

ሰውዬው በገነ። ድግሱ ቀረ። ጋኖቹን ጓሮ ወሰደና ጉዪሁዋ ከሚሉት ሽታው ደስ የሚል አበባ ካለው ዛፍ ሥር ቆፍሮ ቀበራቸው። ከዚያ ረሳቸው። ልጅቷ ግን አደገች፣ ቀልጣፋም ሆነች። የአባቷን ሙያ እያየች ተማረች፤ በጥልፍማ የሚደርስባት ጠፋ። በእሷ ምክንያት ሱቁ ገበያው ደራ። "ለካ ሴት ልጅም ጥሩ ነገር ናት!" አለ አባት፣ ከአሥራ ምናምን ዓመት በኋላ። ከተለማማጆቹ መካከል እጅግ የሚወደውን መርጦ ዳራት። በሠርጉ ቀን ሞቅ ሲለው ያ የቀበረው መጠጥ ትዝ አለው። ቆፍረው አወጡት። ገና ሲከፈት ሽታው ግቢውን ሞላው። እንግዳው እንዲህ ያለ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም።

ጎረቤት ይህን አይቶ ዝም አላለም። ሴት ልጅ የወለደ ሁሉ እየጠመቀ መቅበር፣ ስትዳር እያወጣ መጠጣት ጀመረ። መጠጡም "ኑአር ሆንግ" ተባለ። ኑአር ማለት ሴት ልጅ፣ ሆንግ ማለት ቀይ ነው።

መጠጡ ግን ቀይ አይደለም። ጠቆር ያለ የማር ቀለም አለው። ቀይ የሠርጉ ቀለም ነው። በድሮው የቻይና ሠርግ የሙሽራዋ ቀሚስ ቀይ፣ ፊቷ የሚሸፈንበት ጨርቅ ቀይ፣ ተሸክመው የሚወስዷት ወንበር ቀይ፣ ፋኖሱም ቀይ ነው። ስለዚህ ስሙን "የልጅቷ የደስታ ቀን" ብሎ መረዳት ይቀላል።

መጠጡ ራሱ ምንድን ነው? ሻኦሺንግ በምሥራቅ ቻይና፣ በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር የምትገኝ፣ ቦይና ድልድይ የበዛባት ከተማ ናት። የምትታወቀው "ሁዋንግጂዩ" በሚሉት መጠጥ ነው፤ ቢጫ መጠጥ እንደማለት። በውጭ አገር "የሩዝ ወይን" ይሉታል እንጂ ወይን የሚባል ነገር የለበትም። ሲበስል እርስ በርሱ የሚጣበቅ ሩዝ፣ ስንዴ እና ውኃ ነው። ውኃው ጂያን ሁ ከሚባለው የአካባቢው ሐይቅ የመጣ መሆን አለበት ይላሉ የሻኦሺንግ ሰዎች፤ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም።

የስንዴው ሥራ ይገርማል። ስንዴው ይከካል፣ ይረጥባል፣ እንደ ጡብ ተጠፍጥፎ እስኪሻግት ይተዋል። ይህን ሻጋታ ያለበት ጡብ "ቹ" ይሉታል። ቹ ከሩዙ ጋር ሲቀላቀል ሻጋታው የሩዙን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ እርሾው ደግሞ ያንኑ ስኳር እዚያው ወደ አልኮል። ለጠላ ብቅል የሚሠራውን ሥራ ለእነሱ ሻጋታው ይሠራላቸዋል ማለት ነው። ጠመቃው የብርድ ወራት ሥራ ነው፤ ከኖቬምበር መጀመሪያ ገደማ ተጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ ይዘልቃል። ብርዱ ፍላቱን ያዘገየዋል፤ ጣዕሙም የሚመጣው ከዚህ ቀስታ ነው። ሲያልቅ ጥንካሬው ከ14 እስከ 18 በመቶ አካባቢ ይሆናል። እንደ ውኃ የሚጠጣ አይደለም።

ከዚያ ይጣራል፣ ይፈላል፣ ትኩሱን ጋን ውስጥ ይገባል። የጋኑ አፍ በሎተስ ቅጠልና በቀርከሃ ቅጠል ይሸፈንና በጭቃ ይመረጋል። የሸክላው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሸክላ መጠጡን አያፈስም፣ ግን ትንሽ ትንሽ አየር ያስገባል። በዓመታት ውስጥ መጠጡ ውስጥ ያለው አሲድና አልኮል ቀስ እያለ እየተዋሃደ ሽታ የሚሰጡ ነገሮችን ይፈጥራል። ቀለሙ ይጠልቃል፣ ሸካራነቱ ይለሰልሳል። ልብስ ሰፊው ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር። ተናዶ ነው የቀበረው።

አሁን ወደ ተረቱ እንመለስ፤ እኔን የሚያስገርመኝ እሱ ነውና። ተረቱ "ነገሩ በአጋጣሚ ተጀመረ" ይላል። የቆዩት ጽሑፎች ግን እንደዚያ አይሉም።

ጂ ሃን በተባለ የጂን ሥርወ መንግሥት ሹም ስም የሚታወቅ፣ ስለ ደቡብ ቻይና ዕፅዋት የሚያወራ አንድ ጥንታዊ መጽሐፍ አለ። ዘመኑ 304 እ.ኤ.አ. ነው ይባላል። እርግጥ አንዳንድ ሊቃውንት መጽሐፉ አሁን ባለበት መልኩ የተሰባሰበው ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ነው ብለው ይከራከራሉ። መጽሐፉ ስለ ደቡብ ሰዎች እንዲህ ይላል፤ ሴት ልጃቸው ጥቂት ዓመት ሲሞላት ብዙ መጠጥ ይጠምቃሉ። በብርድ ወራት ኩሬው ሲደርቅ ጋኑን አሽገው ኩሬው ውስጥ ይቀብሩታል። ፀደይ መጥቶ ኩሬው ሲሞላም አያወጡትም። ልጅቷ ልትዳር ስትል ኩሬውን ከፍተው ለእንግዳ ያቀርቡታል። ስሙ "ኑ ጂዩ" ነው፤ የሴት ልጅ መጠጥ። ጣዕሙም እጅግ ግሩም ነው ይላል ጸሐፊው።

እዚህ ውስጥ የተናደደ አባት የለም። መርሳትም የለም። ታስቦበት፣ ተቆጥሮ፣ ለዚያች ቀን የተቀመጠ ነው። አገሩም ሻኦሺንግ ሳይሆን ከዚያ በጣም ወደ ደቡብ ያለው ምድር ነው።

ሻኦሺንግ የምትመጣው በኋላ ነው። ከ1775 እስከ 1849 የኖረው ሹምና ጸሐፊ ሊያንግ ዣንግጁ ስለ ሻኦሺንግ መጠጥ ሲጽፍ ምርጡ የሴት ልጅ መጠጥ የሚባለው ነው ብሏል። ሀብታም ቤተሰብ ሴት ልጅ ሲወልድ፣ ወር እንደሞላት ጥቂት ጋን ይጠምቅላታል። ከቤት የምትወጣ ቀን ከዕቃዋ ጋር አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ቢያንስ አሥር ዓመት ገደማ የቆየ ነው። ጋኖቹም በቀለም ያጌጡ ናቸው።

"ሀብታም ቤተሰብ" የሚለውን ልብ በሉ። አሥራ ምናምን ዓመት ሳይነካ የሚቀመጥ ሩዝ ለድሃ ቅንጦት ነው። ተረቱ ጉዳዩን ወደ ልብስ ሰፊ ቤት ያወረደው ለዚህ ይመስለኛል። ተረት ሰው ሁሉ የሚገባበትን በር ይፈልጋል።

ግን አንድ ነገር አለ። ጽሑፎቹ የማይነግሩንን ተረቱ ይነግረናል፤ ሴት ልጅ ስትወለድ ፊቱ የሚጠቁር አባት እንደነበረ። በእኛም ዘንድ ለወንድ የሚባለው እልልታ ለሴት ከሚባለው እንደሚበዛ የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። ተረቱ ደግሞ አባትየውን አይቀጣውም። እንዲያውም ይክሰዋል። ሱቁ ደራ፣ ባለሙያ ልጁን ለራሱ ተለማማጅ ድሮ እዚያው አስቀራት፣ ጥሩ መጠጥም ጠጣ። ለመሆኑ እናትየው የት ገባች? ከወሊዱ በኋላ ስለ እሷ አንድም ቃል የለም። ልጅቷም ተለማማጁን ትወደው እንደሆነ የጠየቃት የለም።

ሻኦሺንግ አካባቢ ልጅ ሲወለድ መጠጥ መስጠት ደግሞ ከዚህ ሁሉ የቆየ ነገር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን አገሩ የዩዌ መንግሥት ነበር። ንጉሡ ጎውጂያን በጎረቤቱ በዉ መንግሥት ክፉኛ ተሸነፈ። ለበቀል ወታደር ያስፈልገዋል፣ ወታደር ደግሞ መወለድ አለበት። ስለዚህ ወንድ ለወለደች ሁለት ማሰሮ መጠጥና አንድ ውሻ፣ ሴት ለወለደች ሁለት ማሰሮ መጠጥና አንድ አሳማ እንዲሰጥ አዘዘ። ውሻው ይበልጣል ወይስ አሳማው? ሁለቱም የእኛን ሰው አያስጎመዡም። መጠጡ ግን እኩል ነበር።

ለወንድ ልጅስ አይቀበርም? ይቀበራል። ስሙ "ዡዋንግዩዋን ሆንግ" ነው። ዡዋንግዩዋን በንጉሠ ነገሥቱ የሹመት ፈተና ከመላው አገር አንደኛ የወጣ ሰው ማዕረግ ነው። ልጁ አድጎ ፈተናውን ሲያልፍ ይከፈታል በሚል ምኞት ነው የሚቀበረው። ፈተናው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ዓመት አንዴ ነበር፣ አንደኛ የሚወጣው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ። ጋኑ ያን ቀን ቢጠብቅ ኖሮ ሻኦሺንግ እስካሁን ባልተከፈተ ጋን በተሞላች ነበር። አብዛኛው የተጠጣው በልጁ ሠርግ ላይ ይሆናል። ፈተናው ራሱ በ1905 ተሰርዟል፤ ስሙ ግን ጠርሙስ ላይ አለ።

ሦስተኛ ስምም አለ፤ ሁዋዲያኦ። ሁዋ አበባ ነው፣ ዲያኦ መቅረጽ። የተቀረጸ አበባ ማለት ነው፣ ጋኑ ላይ ከሚሠራው ጌጥ የመጣ። ለሠርግ የሚሆነው ጋን ላይ አበባ፣ ወፍ፣ ተራራ፣ የተረት ሰዎች ይሠሩበታል። ግን በቻይንኛ "ዲያኦ" የሚል ሌላ ቃል አለ፤ ድምፁ አንድ ነው፣ ፊደሉ ሌላ። ትርጉሙ መርገፍ፣ መጠውለግ ነው። ሰዎችም ይህን ይዘው ሌላ ታሪክ ይናገራሉ። ልጅቷ ሳትዳር ከሞተች ያ መጠጥ ኑአር ሆንግ አይባልም፤ የረገፈ አበባ ይባላል። የስሙ ትክክለኛ ምንጭ ጌጡ ነው። የቃላት ጨዋታ መሆኑን እያወቅሁም ይህን ካነበብኩ በኋላ ሁዋዲያኦ የሚለው ቃል እንደ ድሮው አልሆነልኝም።

በሠርጉ ቀን ጋኑ ብቻውን አይሄድም። ሻኦሺንግና ጎረቤቷ ኒንግቦ ባሉበት አካባቢ "የአሥር ሊ ቀይ ጌጥ" የሚባል አባባል አለ። ሊ የርቀት መለኪያ ነው፤ ዛሬ ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። የሙሽራዋ ቤተሰብ የሚሰጣት ዕቃ፣ ሳጥኑ፣ አልጋው፣ ባልዲው ሳይቀር ቀይ ተቀብቶ በሰው ትከሻ ሲጓዝ ሰልፉ አሥር ሊ ይረዝማል ለማለት ነው። ማጋነን አለበት፣ ግን የሀብታም ሠርግ ምን ይመስል እንደነበር ያሳያል። የመጠጡም ጋን ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ነው።

አቀራረቡን በተመለከተ፣ በተለይ በብርድ ጊዜ ለብ ተደርጎ ነው የሚጠጣው። እሳት ላይ አይጣድም፤ ማንቆርቆሪያው ሙቅ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል። ከጎኑ በቅመም የተቀቀለ ደረቅ ባቄላ ይቀርባል። በ1881 ሻኦሺንግ የተወለደው ታዋቂው ደራሲ ሉ ሹን ይህን ባቄላና ለብ ያለ መጠጥ በ1919 በወጣ አጭር ልብ ወለዱ ውስጥ በመላው ቻይና አሳውቆታል። የሻኦሺንግ መጠጥ ወጥ ቤትም ይገባል። "የሰከረ ዶሮ" የሚሉት ምግብ የተቀቀለ ዶሮ በዚህ መጠጥ ተዘፍዝፎ ቀዝቅዞ የሚበላ ነው። ስሙ ያስቃል፤ የሰከረው ዶሮው ይሁን በይው አይታወቅም።

ዛሬስ? ኑአር ሆንግ አሁን የፋብሪካ የንግድ ስም ሆኗል። ሱቅ ሄዶ ማንም ይገዛዋል፤ ልጅ መውለድ አይጠይቅም። ጠርሙስ ውስጥ ያለው ደግሞ መሬት የሚባል አላየም። ሻኦሺንግ ውስጥ የሚሸጠው መጠጥ የሚያረጀው መጋዘን ውስጥ በተደረደሩ ጋኖች ነው። በእርግጥም ለመጠጡ የሚሻለው ይኸው ነው። እርጥብ አፈር ውስጥ ያለ ጋን ቢሰነጠቅ ማንም አያይም፤ ከዓመታት በኋላ ቆፍሮ ባዶ ሸክላ ማግኘት አለ።

ልማዱ ግን አልጠፋም። ልጅ የወለዱ ወላጆች ፋብሪካ ሄደው አንድ ጋን ያሽጋሉ። የልጁ ስምና የልደት ቀን ይጻፍበታል፤ ሴትም ትሁን ወንድ። ጋኑ እዚያው ይቀመጥላቸዋል፣ እነሱ ወረቀት ይዘው ወደ ፎቃቸው ይመለሳሉ። ጓሮ የላቸውም። ጉዪሁዋውም አሁን የሚያብበው መንገድ ዳር ነው።