በጎ አድራጎትና የጤና መብት በጎጃም

በጎጃም የታመመን መጠየቅ፣ ጧሪ የሌለውን አረጋዊ መደገፍና ወላጅ አልባ ልጅን ማሳደግ የዘመድ፣ የእድር፣ የማኅበርና የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሥራ ሆኖ የቆየ ነው። በጎ አድራጎት ድርጅቶች ሥራቸውን በሰብአዊ መብት ላይ ሲመሠርቱ ይህን ደግነት አይተኩም፤ ተረጂው የተሰጠውን አመስግኖ ከመቀበል አልፎ የሚገባውን በሕግ እንዲጠይቅ ያስችሉታል።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ፣ አቅም በፈቀደ መጠንም አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን እንዲረዳ ግዴታ ጥሎበታል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ግን ከገቢያቸው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ጉዳዮች ላይ እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር። መድኃኒት ማደል ይፈቀድላቸው ነበር፤ ስለ ሕሙማን መብት መሟገት ግን ዝግ ነበር። ክልከላውን ያነሣው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው።

የመብት ጥያቄ ከሕክምና ጋር እንዴት እንደሚተሳሰር በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ጎልቶ የሚታየው በእግር ዝሆኔ፣ በተለይም ፖዶኮኒዮሲስ በተባለው ዓይነት ነው። በሽታው የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ አለት በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለረጅም ጊዜ በባዶ እግር ከመሥራት ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች የተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ነዋሪዎች ከመቶ 3.3 የሚሆኑት እንደታመሙ አሳይቷል። እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ጥቂት በረኪና በገባበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ አድርቆ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ ማድረግ ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ በአነደድ ወረዳ የተካሄደ ሙከራም ይህን የመሰለ እንክብካቤ ሕሙማኑን አልጋ ላይ የሚጥለውን የትኩሳትና የእብጠት ድግግሞሽ እንደቀነሰ አረጋግጧል። ሕክምናው ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ በጤና ጣቢያ ሳይገኝ ሲቀር ነገሩ በታማሚው ዕድል ሊሳበብ አይገባም። ከዚህም የሚከፋው መገለሉ ነው። በሽታው ከዘር ነው ወይም ይጋባል በሚል ታማሚው ከጋብቻና ከማኅበር ሲርቅ፣ አንዳንዱም ሰው እንዳያየው ብሎ ከቤተ ክርስቲያን ሲቀር፣ ቅባት ብቻ ማደል በቂ አይሆንም። ስለዚህ ሕሙማኑን በማኅበር ማደራጀት፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥልጠና መስጠት፣ ቄሱና የእድሩ ዳኛ በአደባባይ እንዲናገሩላቸው ማድረግ ራሱ የሕክምናው አካል ይሆናል።

በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅንም መዋጮውን መክፈል የማይችሉ ድኾች በቀበሌ ተለይተው መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ከዝርዝሩ የተዘለለች አቅመ ደካማ መበለት አቤቱታዋን እንድታቀርብ መርዳት ለአንድ ጊዜ የመድኃኒት ዋጋ ከመስጠት የበለጠ ይጠቅማታል፤ በአካባቢው መፍትሔ ካላገኘችም ጉዳዩ ለእንባ ጠባቂ ተቋም ወይም ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሊቀርብ ይችላል።