ትራጄዲ ምንድን ነው? ተያይዘው የጠፉት ፍቅረኞችና የጎጃም ተመልካች ጭቅጭቅ

ትራጄዲ ምንድነው ብለህ ብትጠይቅ ብዙ ሰው "የሚያስለቅስ ፊልም" ብሎ ነው የሚመልስልህ፣ መጨረሻ ላይ ከሞቱ ትራጄዲ፣ ከተጋቡ ኮሜዲ፣ በቃ አለቀ። እንደዛማ ከሆነ ዋናው አክተር አስፋልት ሲሻገር መኪና የገጨው ፊልም ሁሉ ትራጄዲ ነው ማለት ነው። አይደለም። እሱ አደጋ ነው፣ ያሳዝናል ግን ከሰውዬው ውሳኔ ጋር አይገናኝም፣ ትንሽ ቆይቶ ቢሻገር ኖሮ ይተርፍ ነበር። ትራጄዲ የሚባለው ሰውዬው ራሱ መርጦ የገባበት ሲሆን ነው፣ የመረጠውም ከክፋት ሳይሆን እኔና አንተም ብንሆን ልንመርጠው የምንችለው ነገር ሆኖ፣ ከዛ በኋላ እያንዳንዱ እርምጃ አንድ በር እየዘጋበት ሄዶ ሄዶ መውጫ ሲያጣ። ተመልካቹ ደግሞ ይሄን ከሰውዬው ቀድሞ ያየዋል። "ኧረ ተው ተመለስ" እያልክ ታያለህ፣ እሱ እቴ።

ነገሩን ቁጭ ብሎ ያብራራው የግሪኩ አሪስቶትል ነው፣ ከ2,300 ዓመት በፊት፣ ያኔ እንግዲህ ፊልም የለም ቲያትር ነው። እሱ እንደሚለው ትራጄዲ ሁለት ስሜት ነው የሚቀሰቅሰው፣ ሀዘኔታና ፍርሃት። ሀዘኔታው ከጥፋቱ በላይ ለተቀጣ ሰው ነው፣ ፍርሃቱ ደግሞ "ይሄ ነገር እኮ እኔም ላይ ሊመጣ ይችላል" የሚለው ነው። ስለዚህ ሰውዬው ጻድቅ እንዲሆን አይፈልግም፣ ጻድቅ ሲቀጣ ሰው ይቆጣል እንጂ አይፈራም፣ ክፉም እንዲሆን አይፈልግም፣ ክፉ ሲወድቅማ እሰይ ነው የምንለው። መሀል ላይ ያለ ሰው፣ አንድ ትልቅ ስህተት የሠራ። ይቺን ስህተት ያዙልኝ፣ ጭቅጭቁ ሁሉ የሚመጣው ከሷ ነው።

አሁን ወደ ፊልሙ። "ኤልቪራ ማዲጋን" ይባላል፣ የስዊድን ፊልም ነው፣ ቦ ቪደርበሪ የሚባል ዳይሬክተር በ1967 እኤአ የሠራው። ታሪኩ እውነተኛ ነው። ሲክስተን ስፓሬ የሚባል የስዊድን ፈረሰኛ ጦር መቶ አለቃ፣ የባላባት ልጅ፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት፣ ሰርከስ ውስጥ ገመድ ላይ የምትሄድ አንዲት የ21 ዓመት ልጅ ይወዳል፣ የመድረክ ስሟ ነው ኤልቪራ ማዲጋን፣ የእናት አባት ስሟ ሄድቪግ የንሰን ነው። እሱ ጦሩን ከድቶ ሚስቱን ትቶ፣ እሷ ሰርከሱንና ቤተሰቧን ጥላ፣ ተያይዘው ወደ ዴንማርክ ጠፉ። ጥቂት ሳምንት ኖሩ፣ ገንዘቡ አለቀ፣ ከዛ በ1889 እኤአ ጫካ ውስጥ እሷን ገድሎ ራሱን ገደለ። መጨረሻውን አበላሸህብን የሚለኝ ካለ እኔ አይደለሁም ያበላሸሁት፣ ፊልሙ ገና ሲጀምር በጽሁፍ እንደሚሞቱ ይነግርሃል! አስቦበት ነው። መሞታቸውን ካወቅክ በኋላ "ምን ይሆኑ ይሆን" ብለህ አትጨነቅም፣ "እንዴት እዚህ ደረሱ" እያልክ ነው የምታየው፣ ሜዳ ላይ ሲስቁ እንኳ ሳቃቸው ያስፈራሃል። ትራጄዲ ማለት ከነቃጭሉ ይሄ ነው።

እዚህ ማርቆስ እቤት ሰብሰብ ብለን ነው ያየነው፣ ላፕቶፕ ላይ፣ ሳብታይትሉ እንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ ለአክስቴ እየተረጎምኩ። እሷ ገና መጀመሪያ ላይ ባለትዳር መሆኑን ስትሰማ ፊቷ ተቀየረ። "ልጆቹስ? ማን ጋ ጥሏቸው ነው?" አለች። ቀጥል፣ ይላጫል፣ ይሳሳማሉ፣ ቢራቢሮ ያባርራሉ፣ እሷ ግን እዛው ናት፣ "ኧረ ልጆቹስ?" ከዛ እየራባቸው መጣ፣ ከዱር ፍሬና እንጉዳይ እየለቀሙ መብላት ጀመሩ፣ ይሄኔ አክስቴ ስኒውን አስቀምጣ "ምነው፣ በአገሩ ሽማግሌ የለም እንዴ?" አለች። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ናት፣ እሷ ስታለቅስ ነበር፣ "እማዬ አትረብሺ፣ ፍቅር ነው እኮ" ትላለች። አንዱ ጓደኛዬ እንደውም ተናደደ፣ "ይሄ ፍቅር አይደለም ግድያ ነው፣ ሽጉጡ ያለው እሱ እጅ ነው፣ ለምንድነው በሙዚቃ የሚያሳምሩት" ብሎ። ሌላው ደግሞ ሲያልቅ "የሻምፖ ማስታወቂያ" ብሎ ወጣ፣ ፀሐይ ብቻ፣ ፀጉር ብቻ፣ ሣር ብቻ ነው ለሱ።

እኔ የአክስቴ ጥያቄ ነው ያልለቀቀኝ። በጎጃም ልጅና ልጅት ተያይዘው ሲጠፉ አዲስ ነገር አይደለም፣ ድሮም ነበረ አሁንም አለ። መጀመሪያ ቤተሰብ ያብዳል፣ ወንድም ጠመንጃ ያነሳል፣ እነሱ አንድ ዘመድ ቤት ይደበቃሉ ወይ ወደ መተከል ወይ ወደ ሁመራ ለቀን ሥራ ይወርዳሉ፣ ከዛ ቀን ሲያልፍ ሽማግሌ ይላካል፣ አንዴ ይመለሳል፣ ሁለቴ ይመለሳል፣ ደግሞ ቄስ ተጨምሮበት ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ እግር ላይ ተወድቆ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ይባላል። ሁልጊዜ አይሳካም፣ ደም የፈሰሰበትም አለ። መንገዱ ግን አለ፣ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ የኛ ሰው ፊልም ላይ ኮብላዮች ሲያይ ሳያስበው የሚጠብቀው አማላጅ ነው። እነሲክስተን ጋ ደግሞ ይሄ የለም። እሱ ጦር የከዳ ነው፣ አገሩ ቢመለስ እስር ነው ውርደት ነው። እሷ የታወቀች ስለሆነች ሥራዋን ልሥራ ብትል በማግስቱ ይደረስባቸዋል፣ ጋዜጣው ስለነሱ ጽፏል። እሱ ዕዳም ነበረበት። አንድ ጓደኛው ከጦሩ ፈልጎ አግኝቷቸው መጥቶ ነበር፣ እሱም ቢሆን የመጣው ሊመልሰው እንጂ ሊያስታርቅ አይደለም።

አሪስቶትል ያላትን ስህተት አሁን አምጧት። ትራጄዲ እንዲሠራልህ ሁለት ነገር ማመን አለብህ፣ ሰውዬው የተሳሳተው ስህተት ይቅር የሚባል ዓይነት መሆኑን፣ ደግሞ በሮቹ የምር መዘጋታቸውን። የአክስቴ ልጅ ሁለቱንም አምናለች፣ አለቀሰች። አክስቴ አንደኛውን አላመነችም፣ ሁለት ልጅ ጥሎ መሄድ ለሷ ስህተት ሳይሆን ኃጢአት ነው፣ ሁለተኛውንም አላመነችም፣ ሽማግሌ ሳይሞከር በር ተዘጋ አይባልም። ጓደኛዬ ደግሞ ለሱ ሊያዝን ፈጽሞ አልቻለም፣ ለሷ ብቻ ነው ያዘነው፣ ስለዚህ እሱ ያየው ትራጄዲ ሳይሆን ወንጀል ነው። አንድ ፊልም፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ሦስት ዓይነት ታሪክ። የስሜት መድረቅ ወይም አለመማር ያመጣው አይደለም፣ ክርክሩ ስህተቷ ላይ ነው።

እስቲ ከ"ፍቅር እስከ መቃብር" ጋር አስተያዩት፣ ጎጃም ውስጥ ስለ ፍቅረኞች አውርቶ እሱን ማለፍ አይቻልም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው አገር ሥራ የፈታለት። እዛ ላይ በዛብህና ሰብለ ወንጌልን የሚኮንን ሰው አይቼ አላውቅም። ለምን? ማንንም ጥለው አልሄዱማ። የገበሬ ልጅ ነው፣ አስተማሪዋ ነው፣ የፊታውራሪ ልጅ ናት፣ ጥፋቱ ያለው ዘርና ማዕረግ እያለ ሰው የሚለየው ሥርዓት ላይ ነው። አንባቢው ሁሉ አንድ ላይ ያለቅሳል፣ የሚጣላው ከፊታውራሪ መሸሻ ጋር ነው። ኤልቪራ ማዲጋን ላይ ግን ፊታውራሪ የለም፣ የምትጠላው ሰው አይሰጡህም፣ ሚስቱ እንኳ በወሬ ነው የምትሰማው እንጂ ስክሪን ላይ አትመጣም። የሚከፋፍለውም ለዚህ ይመስለኛል። ጥፋተኛ ካልተሰጠህ ራስህ ትፈልጋለህ፣ እያንዳንዱ ሰው ደግሞ የሚያገኘው የየራሱን ነው።

ስለ ዘመኑ አንድ ነገር ላንሳ፣ ፔሬድ ፊልም ማለትም ያለፈ ዘመንን የሚያሳይ ፊልም ነውና ዘመኑ ዝም ብሎ ልብስ አይደለም። ሲክስተንና ኤልቪራ የሞቱት በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1881 ላይ ነው። ያኔ ጎጃም ምን ላይ ነበር? አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ አራት ወር ገደማ ነው፣ ከዛ በፊት ሠራዊታቸው ጎጃም ገብቶ አገሩን አራቁቶታል፣ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር በነበረው ጠብ ማለት ነው። ከብቱን በሽታ እየፈጀው ነው፣ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፣ ሕዝቡ እስከዛሬ ክፉ ቀን እያለ የሚጠራው ረሃብ ገብቷል። በዛው ክረምት ጎጃም ውስጥ ሰው የዱር ቅጠል እየለቀመ ይበላል፣ ዴንማርክ ደግሞ ሁለት ቆንጆ ልጆች ፍቅራቸውን ላለመልቀቅ ብለው ከጫካ ፍሬ ይለቅማሉ። ለነሱ ማዘን አይቻልም እያልኩ አይደለም። አያቷ ስለ ክፉ ቀን እየነገሯት ላደገች ሴት ግን መርጦ መራብ ወዲያው የሚዋጥ ነገር አይደለም፣ አክስቴ እንጉዳዩ ጋ ስትደርስ ስኒዋን ያስቀመጠችው ለዚህም ሊሆን ይችላል፣ አልጠየቅኳትም።

ፍቅር ካለ አንድ ባቄላ ለዘጠኝ ይበቃል ይላል ሰው። ፊልሙ እኮ ባቄላዋ ስታልቅ ምን እንደሚሆን ነው የሚያሳየው፣ ለኔ ትልቁ ነገሩም ይሄ ነው። ሌሎች የፍቅር ፊልሞች ላይ ኮብላዮቹ ስለ ምሳ ሲያስቡ አይታዩም፣ እዚህ ረሃቡ እየጨመረ በመጣ ቁጥር ፀሐዩም ሣሩም አበባውም እንደዛው ያማረ ነው፣ ተፈጥሮ ግድ የላትም። ለዚህ ነው ከ"ሻምፖ" ባዩ ጓደኛዬ ጋር የማልስማማው፣ ቁንጅናው ማስዋቢያ ቢሆን ኖሮ ረሃቡ ሲመጣ ይጨልም ነበር። ሙዚቃውም የሞዛርት ፒያኖ ኮንሰርቶ ቁጥር 21 ነው፣ ቀስ የሚለው ክፍሉ፣ በ1785 እኤአ የተጻፈ፣ ከፊልሙ በኋላ ግን ሰው ኮንሰርቶውን ራሱ "ኤልቪራ ማዲጋን" ብሎ መጥራት ጀመረ፣ ይሄን ያህል ነው የገባበት። ዋናዋ ተዋናይ ፒያ ደገርማርክ ደግሞ የባሌ ዳንስ ተማሪ የነበረች ልጅ ናት፣ በዛው ዓመት ካን ፌስቲቫል ላይ የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወስዳለች።

ሲክስተን ከጦሩ ከመጣው ጓደኛው ጋር ስለ አንዲት ሣር የሚከራከሩባት ሲን አለች፣ ሣሯን ዓይንህ ሥር ካስጠጋሃት ሌላው ሁሉ ይደበዝዛል፣ ሲክስተን ያንን ነው የመረጠው፣ ለሱ ሣሯ ዓለም ሆናለች። ስህተቱ የት ነው ለሚል ሰው እኔ እዚህ ጋ ነው ጣቴን የማሳርፈው። መውደዱ ላይ አይደለም፣ የደበዘዘው ነገር የለም ብሎ ማመኑ ላይ ነው፣ ከደበዘዙት ውስጥ ሁለት ልጆች አሉ። የአክስቴ ልጅ ይሄን ስነግራት "አንተም እንደ እማዬ ሆንክ" ብላ ሳቀችብኝ፣ አክስቴ ደግሞ ሚስቲቱ በኋላ ምን ሆነች፣ ልጆቹን ማን አሳደጋቸው እያለች እስካሁን ትጠይቀኛለች፣ ፊልሙ አይናገርም ብላት አትሰማኝም፣ "እሱን ነበር መሥራት" ነው የምትለው።