የበረኪና ነጠብጣብ ምንድን ነው?

ጥቁር ሸሚዝ ላይ አንዲት የበረኪና ጠብታ ስታርፍ መጀመሪያ ምንም አይታይም። ትንሽ ቆይቶ ቦታው ቡናማ ይሆናል፤ ከዚያ ዝገት ወደሚመስል ብርቱካናማ ይቀየራል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ "እድፍ ነው፣ ይለቃል" ብሎ በሳሙና ማሸት ይጀምራል። የሚለቅ እድፍ ግን የለም፤ የለቀቀው የልብሱ ቀለም ራሱ ነው።

በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የማቅለሚያውን ሞለኪውል ያፈርሰዋል። ብርሃንን እየመረጠ የሚውጠው የሞለኪውሉ ክፍል ሲፈርስ ቀለሙም አብሮ ይጠፋል። ጥቁሩ ነጭ ከመሆን ይልቅ ብርቱካናማ የሚሆነው ማቅለሚያው በከፊል ብቻ ስለፈረሰ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ክሎድ ሉዊ በርቶሌ በ1780ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ክሎሪን ጨርቅ እንደሚያነጣ እስኪያሳይ ድረስ ጨርቅ የሚነጣው ለሳምንታት ሳር ላይ ፀሐይ እየተሰጣ ነበር። ያን ሁሉ ሳምንት ያሳጠረ ነገር ባለቀለም ልብስ ላይ ሲፈስ በደቂቃዎች ጉዳት ማድረሱ አይገርምም።

ስለዚህ ፍጥነት ወሳኝ ነው። ጨርቁ ላይ በረኪና እስካለ ድረስ ማፍረሱን አያቆምም። ወዲያው በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት፤ ቀጥሎ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ (ለቁስል ማጽጃ የሚያገለግለው ፈሳሽ) ብታፈሱበት የቀረውን በረኪና ያመክነዋል። ከዚያ እንደገና አለቅልቁት።

አቼቶ ግን በፍጹም አትጨምሩ። "አቼቶ ያረክሰዋል" የሚል ምክር በብዛት ይሰማል፤ አደገኛ ምክር ነው። እንደ አቼቶ ያለ አሲድ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ይህ ደግሞ በር በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባን ይጎዳል።

ሱፍና ሐር ላይ ጉዳዩ ከቀለም ያልፋል፤ በረኪና ክሩን ራሱን ይበላዋል። ጥጥም ቢሆን የተነካው ቦታ ሊሳሳና በኋላ ሊቀደድ ይችላል።

የጠፋው ቀለም ተመልሶ አይመጣም፤ ያለው አማራጭ እንደገና ማቅለም ነው። ምስር የምታህል ነጠብጣብ ከሆነች የጨርቅ ማቅለሚያ ብዕር ይበቃል። መጀመሪያ በማይታይ ስፌት ላይ ሞክሩት፤ ከዚያ ከመሃል ጀምራችሁ በትንሽ በትንሹ ነካ ነካ አድርጉ፣ ዳሩ ጋ ሳትደርሱም አቁሙ። ቀለሙ በክሩ ውስጥ ራሱ ተስፋፍቶ ይደርሳል። ዳሩን ከነካችሁት ግን ጤነኛው ቀለም ላይ ተደርቦ ጠቆር ያለ ቀለበት ይተዋል።