ፀረ-ተባይ ኬሚካል በወሎ፦ ከማሳ እስከ ጓዳ

ወሎ ተባይ አጥቶ አያውቅም። ጤፉን ደገዛ የተባለው ፌንጣ መሳይ ተባይ፣ ማሽላውን አገዳ ቆርቁር ይበላዋል። በ2009 ዓ.ም. መጤ ተምች አገር ውስጥ ገባ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ደግሞ የበረሃ አንበጣ በራያ ቆቦና በአጎራባች ወረዳዎች ሊታጨድ የደረሰ ሰብል ላይ ወረደ። ገበሬው ጣሳ እየመታ፣ ጅራፍ እያጮኸ ሲከላከል ርጭቱ ከአውሮፕላን ጭምር ይካሄድ ነበር። ይህን ሁሉ ያየ ገበሬ ኬሚካል ገዛ ብሎ መውቀስ አይከብድም፤ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

አንበጣ መጥቶ ይሄዳል። ቋሚው ርጭት ያለው መስኖ ላይ ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ በከርሰ ምድር ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል። በቆላው ሙቀት ተባይ ቶሎ ቶሎ ይራባል፤ ርጭቱም ይደጋገማል። አንድ ዓይነት ኬሚካል ሲደጋገም ተባዩ ይለምደዋል። ያኔ መጠን መጨመር ወይም ሁለት ሦስቱን በአንድ መርጫ መቀላቀል ይመጣል። ብዙ ጊዜ አማካሪው ባለሙያ ሳይሆን ሻጩ ነው። አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ የገበያ ቀን ግን ሌላ ነው።

መርጫው ጀርባ ላይ ይታዘላል። ነፋስ ከተነሳ ጠብታው ፊት ላይ ይመለሳል። በዚያ ሐሩር ጓንት፣ ጭንብልና ቦቲ አድርጎ መዋልም ቀላል አይደለም። እንደ ማላታይን ያሉት ኬሚካሎች ነርቭን የሚያረጋጋውን ኢንዛይም ያግዳሉ። ራስ ምታት፣ ላብ፣ የምራቅ መብዛት፣ የዓይን ብዥታ ይከተላል። ሲብስ ትንፋሽ ያጥራል። ሕመሙ ቀለል ያለ ሲሆን ሰው "ፀሐይ መታኝ" ብሎ ያልፈዋል።

በቃሉ፣ በተሁለደሬና በወረባቦ የሚበቅለው ጫት ለብቻው መነሳት አለበት። ሽንኩርት ይላጣል፣ ይበስላል። ጫት ግን ቅጠሉ ጥሬውን ይቃማል፣ ገበያውም ትኩስ ይፈልገዋል። ከርጭት በኋላ መቆየት ያለበት ቀን ሳይሞላ ከተቀነጠሰ ቅሪቱ በቀጥታ ወደ አፍ ይገባል።

ከማሳ የታጠበው ደግሞ ወደ ውሃ ይወርዳል። "ሐይቅ" በሚል ስም የሚጠራው የወሎ ሐይቅ ከአርዲቦ ሐይቅ ውሃ ይቀበላል እንጂ ወደ ውጪ የሚፈስ ወንዝ የለውም። በቶሎ የማይፈርስ ኬሚካል ከገባበት ከደለሉ ጋር እዚያው ይቀራል። ለዓሣ በጣም አነስተኛ መጠን እንኳ ገዳይ የሆኑ የነፍሳት መግደያዎች አሉ። ንቦችም ሁለት ጊዜ ይጎዳሉ። አበባ ላይ ሳሉ የተረጨ መርዝ ራሳቸውን ይገድላቸዋል። ለጤፍ አረም የሚረጨው ቱ ፎር ዲ ደግሞ ማሩ የሚቀሰምበትን፣ መጭ የተባለውን አረም ያጠፋዋል። አመሻሽ ላይ ንቡ ቀፎ ሲገባ መርጨት የመጀመሪያውን ይቀንሳል፤ ለሁለተኛው አይረዳም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ጓዳው ነው። ባዶ ጄሪካን ታጥቦ ውሃ ይቀዳበታል። የተረፈ ኬሚካል በለስላሳ ጠርሙስ ተገልብጦ ልጆች በሚደርሱበት ይቀመጣል። ለነቀዝ የሚደረገው ኪኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል። እህሉና ቤተሰቡ በአንድ ክፍል የሚያድሩ ከሆነ ጋዙን የሚተነፍሰው ነቀዙ ብቻ አይደለም። ለማላታይን ዓይነቱ መመረዝ ሆስፒታል አትሮፒን ይሰጣል። ፎስፊን ግን ማርከሻ የለውም፤ ሕክምናው ልብንና ትንፋሽን ደግፎ ማቆየት ብቻ ነው።

ሰው ሲመረዝ ወተት መጋት የተለመደ ነው፤ መርዙን አያረክስም። ራሱን የሳተ ሰው ከሆነ ወተቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አስገድዶ ማስታወክም እንደዚያው አደገኛ ነው። የተነከረ ልብስ አውልቆ ገላን በሳሙናና በብዙ ውሃ ማጠብ፣ የሚያጥበውም ሰው እጁን መሸፈን፣ ከዚያ ዕቃውን ከነጽሑፉ ይዞ ጤና ጣቢያ መሮጥ ይሻላል። ሐኪሙ ኬሚካሉ የትኛው እንደሆነ ካወቀ ሕክምናውን በግምት አይጀምርም።