ፒኤንአር ምንድን ነው? ቦታ መያዝና ትኬት መቁረጥ ለየቅል ናቸው

ገና ሲቃረብ ከዋሽንግተን፣ ከጅዳና ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ የሚሳፈረው ሰው ይበዛል። ወንበር ይጠፋል፣ ዋጋ ይሰቀላል፣ በቴሌግራም «ቅናሽ ትኬት አለን» የሚሉትም በዚያው ልክ ይበረክታሉ። ሰሞኑን ስለ እነዚህ ሰዎች ሲመክር የሰማሁት አንድ ተናጋሪ «ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ፒኤንአር ጠይቁ፤ አየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ አስገቡት፤ ስማችሁ ከወጣ ትኬታችሁ እውነተኛ ነው» አለ። ይህን ምክር ስሰማው የመጀመሪያዬ አይደለም። ሰውየው በቅን ልቦና እንደተናገረ አልጠራጠርም። ምክሩ ግን ስህተት ነው፤ አጭበርባሪው ደንበኛው እንዲያምንለት የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ፒኤንአር የመንገደኛ ስም መዝገብ ነው። ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለባት ባለ ስድስት ሆሄ ኮድ ደግሞ መዝገቡ የሚፈለግባት መለያ ናት፤ እኛም ሁለቱን ሳንለይ ፒኤንአር እንላለን። ትኬት ቢሮ የሰራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንድ መዝገብ ተሞልቶ እንዲቀመጥ አምስት ነገር ይበቃዋል፦ የመንገደኛው ስም፣ የበረራው መስመርና ቀን፣ ስልክ፣ ትኬቱ መቼ እንደሚቆረጥ የሚገልጽ መስመር፣ ቦታው ይያዝልኝ ያለው ሰው ማንነት። ከአምስቱ መካከል ገንዘብ የለም። አሁን ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ በማናችሁም ስም ለታህሳስ 25 ቦታ ልይዝ እችላለሁ። አንድ ሳንቲም አልከፍልም። ኮዱን ልላክላችሁና ድረ ገጹ ላይ አስገቡት፤ ስማችሁ ይወጣል፣ በረራው ይወጣል፣ ከጎኑም «ኮንፈርምድ» የሚል ይነበባል። ቃሉ አልዋሸም፤ የተረጋገጠው ወንበሩ መያዙ ነው። ስለ ክፍያ የሚለው ነገር የለም።

በአንድ የገና ሰሞን አንዲት እናት ወደምሰራበት ትኬት ቢሮ መጡ። ዱባይ ያለች ልጃቸው «በዓሉን እዚህ ከእኔ ጋር ትውያለሽ» ብላ፣ ጓደኛዋ ላገናኘቻት ሻጭ ሙሉውን ገንዘብ ልካለች። ወረቀቱን አራት ላይ አጥፈው በላስቲክ ጠቅልለውታል። የመጡት ትኬቱን ሊያጣሩ አልነበረም።

«ልጄ፣ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼላታለሁ፤ ስንት ኪሎ ይፈቀድልኛል?» አሉኝ።

ኪሎው የሚጻፈው ትኬቱ ላይ ስለሆነ የትኬት ቁጥሩን ፈለግኩ። ወረቀቱ ላይ የለም። ድረ ገጹ ላይ በኮዱ ከፈትኩት፤ ስማቸው ከነአባታቸው ሳይዛነፍ ተቀምጧል፣ የትኬት ቁጥር ግን እዚያም የለም። አየር መንገዱ ጋ ደወልኩ። ቦታው ተይዟል፣ እስከዚያው ዕለት ሌሊት 6 ሰዓት ካልተከፈለበት ይሰረዛል አሉኝ።

«እናቴ፣ ትኬቱ አልተቆረጠም።»

«ስሜ አለ አይደል እንዴ?»

«ስምዎ አለ።»

«ታዲያ?»

በማግስቱ ጠዋት ኮዱን ሳስገባው ምንም አልወጣም፤ የሻጩም ስልክ ተዘግቷል። ልጅቷ በበዓል ዋጋ ሁለተኛ ትኬት የምትገዛበት አቅም አልነበራትም። በርበሬው በሌላ መንገደኛ እጅ ሄደ።

ለዚያ «ታዲያ?» የሰጠኋቸው መልስ የቦኖ ውሃ ወረፋ ነበር። ማለዳ ጀሪካንዎን ወረፋ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ስምዎ ተጽፎበታል፣ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል፣ ተራው የእርስዎ መሆኑን ማንም አይክድም። ጀሪካኑ ግን ባዶ ነው። ተራዎ ሲደርስ ከፍለው ካላስቀዱ ወደ ጎን ይገፋና ቀጣዩ ይቀዳል። ፒኤንአር ወረፋ ላይ የቆመው ጀሪካን ነው፤ ትኬት ውሃው ነው። አጭበርባሪው ስማችሁን ጀሪካን ላይ ጽፎ ከሩቅ ያሳያችሁና የውሃውን ዋጋ ይቀበላል። አማርኛችን ራሱ ይህን ከለየው ቆይቷል፤ «ቦታ ያዝኩ» እና «ትኬት ቆረጥኩ» እንላለን፣ አውቶቡስ ተራ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው የለም። በስልክ መስታወት ላይ ሲሆን ነው የሚጠፋብን።

ስለዚህ ከሻጩ የሚጠየቀው የትኬት ቁጥር ነው። 13 አሃዝ አለው፤ ፊደል አይገባበትም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች ትኬቱን የቆረጠውን አየር መንገድ ይናገራሉ፦ የኢትዮጵያ 071፣ የኤምሬትስ 176፣ የሉፍታንዛ 220 ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር የወረቀት ትኬትን ካስቀረ ወዲህ ትኬታችሁ ይኸው ቁጥርና ከጀርባው ያለው መዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ይቆረጣል። አራት ሆናችሁ በአንድ ፒኤንአር ብትያዙ እንኳ አራት የትኬት ቁጥር ሊኖራችሁ ይገባል፤ ታቅፋችሁት የምትሄዱት ሕፃንም የራሱ አለው። የሕፃኑ ሳይቆረጥ ቀርቶ ኤርፖርት ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ሲንገላታ አይቻለሁ፤ ያ የወኪል ዝርክርክነት ነው እንጂ ሌብነት አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር፣ ካልሆነ ሰው ያለ ጥፋቱ ይጠረጠራል። በኢትዮጵያ አውሮፕላን የምትሳፈሩበት ትኬት በ016 ቢጀምር አትደንግጡ፤ ዩናይትድ ቆርጦት ይሆናል፣ አየር መንገዶች አንዱ በሌላው በረራ ላይ ይሸጣሉና። በተቃራኒው በ071 የሚጀምር 13 አሃዝ ሁሉ ትኬት አይደለም፤ ለተጨማሪ ሻንጣ የሚከፈልበት ሰነድም ያንኑ ዓይነት ቁጥር ይይዛል። ቁጥሩን ካገኛችሁ በኋላ በማን ስምና በየትኛው በረራ እንደሆነ አየር መንገዱን ጠይቁ።

ያልተከፈለበት ፒኤንአር የላከ ሁሉ ሌባ ነው የሚለውንም አልቀበልም። ለቪዛ ማመልከቻ ቦታ ብቻ ማስያዝ የተለመደና ትክክለኛ አሰራር ነው፤ ቪዛ ሳይወጣ ትኬት አትግዙ የሚሉ ኤምባሲዎች አሉ። ሐቀኛ ወኪል «ቦታ ይዤልሃለሁ፣ እስከዚህ ሰዓት ካልከፈልክ ይሰረዛል» ብሎ ይነግራችኋል። ማጭበርበር የሚሆነው የተያዘውን እንደተቆረጠ አድርጎ መሸጥ ነው።

ብዙ መካሪ የሚዘለው ደግሞ ይህ ነው፦ የተቀዳ ውሃም ይደፋል። የጉዞ ወኪል የቆረጠውን ትኬት ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ሳይቀጣ ሊሰርዘው ይችላል። በአሜሪካ ደግሞ በረራው 7 ቀንና ከዚያ በላይ ሲቀረው በቀጥታ ከአየር መንገዱ የተገዛ ትኬት በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት እንዲሰረዝ ደንቡ ይፈቅዳል፤ ካልሆነም አየር መንገዱ ዋጋውን ሳያስከፍል ለ24 ሰዓት መያዝ አለበት። ለተጓዥ የወጣ ጥሩ ደንብ ነው፤ ነገር ግን እውነተኛ ትኬት ቆርጦ ቁጥሩን አሳይቶ፣ በዜል (አሜሪካ ውስጥ ገንዘብ ከባንክ ሂሳብ ወደ ባንክ ሂሳብ የሚላክበት መንገድ) ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ማታውን የሚሰርዝ ሻጭም ይጠቀምበታል። ተመላሹ የሚገባው መጀመሪያ ወደ ከፈለው ካርድ ነው፤ ካርዱ ደግሞ የእሱ ነው። በተሰረቀ ካርድ የተገዛ ትኬት ከዚህም ዘግይቶ ይሰረዛል፤ ባለካርዱ ባንኩ ዘንድ ሲያመለክት አየር መንገዱ ትኬቱን ይዘጋዋል፣ መንገደኛው የሚሰማው አንዳንዴ ሻንጣውን እየጎተተ መመዝገቢያው ጋ ሲደርስ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከዚያም ጉዞው ሲቃረብ ደግማችሁ ተመልከቱ የምለው ለዚህ ነው። ከማታውቁት ሰው የምትገዙ ከሆነ ደግሞ በራሳችሁ ክሬዲት ካርድ ክፈሉ፤ ባንካችሁ ዘንድ ቅሬታ የምታቀርቡበት መንገድ ይኖራችኋል። በዜል የላካችሁትን ግን መልሶ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው።

የተጠራጠሩ ሰዎች ወረቀቱን ፎቶ አንስተው «ይህ እውነተኛ ነው ወይ?» ብለው ብዙ ሺህ ሰው ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሲለጥፉም አያለሁ። እባካችሁ ተው። ኮዱንና የመጨረሻ ስማችሁን የያዘ ማንም ሰው መዝገባችሁን ይከፍታል፣ ስልካችሁን ሊያይ፣ ጉዞውንም ሊቀይርባችሁ ይችላል። የምትጠይቁት አየር መንገዱን ይሁን። የምትደውሉበትን ቁጥር ግን ሻጩ ከላከላችሁ ወረቀት ላይ አትውሰዱ፤ ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው ስልኩንም የራሱን ጽፎበት ሊሆን ይችላል።