በጥናት ጽሑፍ ላይ ስሙ የሚገባው ማን ነው?

«መረጃውን የለቀምኩት እኔ፣ ስሜ ግን የለም!» የሚል ቅሬታ ሰሞኑን በመካከላችን ተደጋግሟል። ደንቡን በቀላሉ ላስረዳ።

ብዙ የጤና ጆርናሎች የዓለም አቀፉን የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ኮሚቴ መመሪያ ይከተላሉ። መመሪያው አራት ነገር ይጠይቃል። በጥናቱ ንድፍ፣ በመረጃው ወይም በትንተናው ጉልህ ድርሻ መያዝ፤ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፤ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፤ ነገ ጥያቄ ቢነሳ ኃላፊነት ወስዶ መልስ ለመስጠት መስማማት። አራቱም መሟላት አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ቦታው የምስጋናው ክፍል ነው።

ሁለት መምህራን ደጀን ወረዳ፣ ዓባይ በረሃ ዳር ባሉ ቀበሌዎች ስለ ወባ አጠኑ እንበል። አለቃቸው መኪና ፈቀደ፣ ደብዳቤ ፈረመ። ይመሰገናል እንጂ ጸሐፊ አይሆንም። (እኛ አገር ይህን ለአለቃ መንገር ቀላል አይደለም፣ አውቃለሁ።) በአበል ቤት ለቤት ዞራ መጠይቅ ብቻ ያስሞላችውም እንዲሁ።

ጥናቱን አብራ የነደፈች፣ መረጃውንም የተነተነች ባልደረባስ? ረቂቁን ደብቀው «አንቺማ አልጻፍሽም» ሊሏት አይችሉም። የመጀመሪያውን መስፈርት ያሟላ ሰው በመጻፉም፣ በማጽደቁም እንዲሳተፍ ዕድል ይሰጠው ይላል መመሪያው። ብዙው በደል የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው።

የስም ቅደም ተከተል ግን እንደ ሙያው ይለያያል። በሒሳብና በኢኮኖሚክስ ብዙ ጊዜ በፊደል ተራ ነው። በላብራቶሪ ሳይንስ መጨረሻ ላይ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ የቡድኑ መሪ ነው። ስለዚህ ተራውን ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩበት፣ በኢሜይልም ጽፋችሁ አስቀምጡት።