ትራይሃሎሜቴን፦ እያንዳንዱ ከገደቡ በታች ሆኖ ድምሩ ለምን ያልፋል?

ለአዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣ ውሃ የበሰበሰ ቅጠልና የአፈር ቅሪት ይይዛል። ክሎሪን ከዚህ ቅሪት ጋር ሲዋሃድ ትራይሃሎሜቴን የሚባሉ 4 ውህዶች ይፈጠራሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር ለክሎሮፎርም 0.3 ሚሊግራም፣ ለብሮሞዳይክሎሮሜቴን 0.06፣ ለዳይብሮሞክሎሮሜቴንና ለብሮሞፎርም ለየብቻ 0.1 ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ቀጣዩን ነው፦ እያንዳንዱ መጠን ለራሱ ገደብ ተካፍሎ ውጤቶቹ ሲደመሩ ከ1 መብለጥ የለባቸውም። ክሎሮፎርም 0.15 ቢሆን 0.5 ይሰጣል፤ ብሮሞዳይክሎሮሜቴን 0.036 ቢሆን 0.6። ድምሩ 1.1 ነው፤ አለፈ ማለት ነው።

ታዲያ ክሎሪኑን እንቀንስ? በፍጹም! ኮሌራና ተቅማጥ እጅግ የከፋ አደጋ ናቸው። ትክክለኛው መንገድ ማጣሪያ ጣቢያው ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት ቅሪቱን በአሉም (ቆሻሻን አጣብቆ በሚያረጋ ኬሚካል) አርግቶ ማስወገዱ ነው።

ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ ሮቶ ያለው ሰው የታችኛውን ደለል ይጥረግ፤ እዚያም ክሎሪኑ ከቅሪቱ ጋር መዋሃዱን ይቀጥላል። ለ1,000 ሊትር ሮቶ ማጽጃ 1 ሊትር ባለ 5% በረኪና ይበቃል፤ ከ12 ሰዓት በኋላ ያ ውሃ ሳይጠጣ ይደፋል፣ ሮቶውም ይታጠባል። ለመጠጥ የሚፈላውን ውሃ ደግሞ ክዳኑንና መስኮቱን ከፍቶ ማፍላት ክሎሮፎርሙን ያተናል።